ሦስተኛው ሲኒ ላይ ኤልዳና ዝም አለች

ይሄ የፈጠራ ታሪክ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያልፈለገ ስክሮል አድርጎ ይለፍ፤ እኔ ለማንም አልምልም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ... እንደኔ ዓይነት ምላስ ያለው ሰው በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ሻይ ስጡኝ፤ ስንት ስባሪ ቀረፋ እንደገባበት፣ ሄሉ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ እነግራችኋለሁ። ጓደኛዬ ዮዲ "ያንቺ ምላስ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል" ትለኛለች።

እና...

የፍልሰታ ጾም ነበር። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከላውንደሪ በላይ ያለች አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ።

እኔና እትዬ ካሰች ብቻ ነበርን።

እትዬ ካሰች የሻይ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ከቡና ጋር የተጣሉ የመጀመሪያዋ ሐበሻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለቅዳሜ ቅዳሜ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ሥራውን ካላገኘሁ አለቀልኝ፤ እማዬ ቁርጡን ነግራኛለች።

"ትምህርት ሲጀመር ወይ ሥራ ትይዣለሽ፣ ወይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌይተርስበርግ አክስትሽ ጋ እየሄድሽ መንታዎቹን ትጠብቂያለሽ!"

መንታዎቹ ሰው ይነክሳሉ። ቀልዴን አይደለም።

እትዬ ካሰች ከመደርደሪያው ላይ አፉ በጨርቅ የታሰረ የሸክላ ማሰሮ አወረዱ።

"ይሄ ኡሎንግ ይባላል። የታይዋን ሻይ ነው። በዕድሜ እናትሽን ይበልጣታል" አሉኝ። "በየጊዜው እያወጣሁ በከሰል እቆላውና መልሼ አሽገዋለሁ። ሦስት ሲኒ እቀዳልሻለሁ፤ የቀመስሽውን ትነግሪኛለሽ። ካወቅሽው ሥራው ያንቺ ነው።"

"ስኳር የለም እንዴ?"

አዩኝ... ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"እሺ፣ እሺ... እየቀለድኩ ነው።"

ጥቁር፣ የተጨማደደ ቅጠል ትንሿ በራድ ውስጥ ጨመሩ። የፈላ ውሃ አፈሰሱበት። ቀዱልኝ።

ፉት አልኩ።

ምንም።

ደግሜ ፉት አልኩ። ምንም! ጭራሽ! ሽታ የለው፣ ምሬት የለው... ለብ ያለ ውሃ። ምላሴን ነከስኩት። አመመኝ። ስለዚህ ምላሴ ቦታው ላይ ነው ማለት ነው።

"እ?" አሉኝ።

"ቆይ... እየመጣልኝ ነው።"

እየመጣልኝ የነበረው የመንታዎቹ ጥርስ ነው። እንደዛን ቀን ተናድጄ አላውቅም። አንድ ሻይ! አንድ ሻይ ያቅተኝ?!

እትዬ ካሰች ውሃ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ። ወዲያው ስልኬ ነዘረ። ታናሽ እህቴ ኤልዳና ናት። ዐሥር ዓመቷ ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቤት ነው ያለችው። አንዱን ኤርፖድ ፀጉሬ ሥር ደብቄ አነሳሁት።

"ሂዊ..." እማዬ ከማታ ሽፍት ገብታ ስለተኛች በሹክሹክታ ነው የምታወራው። "አፌ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።"

"ታጠቢያ!"

"ታጠብኩ። አልለቅ አለኝ። የከሰል ጭስ ይላል... ደሞ ቴምር። ሂዊ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም! ማርያምን ምንም አልበላሁም!"

ኤልዳናን አታውቋትም። የጾም ፖሊስ ናት። ወተት አለው ብላ ኩኪ ከእጃችሁ ትቀማለች።

ሲኒውን አየሁት። ቀስ ብዬ ፉት አልኩ።

"ውይ! ደገመኝ!"

ክው አልኩ... ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ሥራውን ነው።

"ኤልዱዬ፣ እንዳትዘጊው። ምን ምን እንደሚል ብቻ ንገሪኝ።"

እትዬ ካሰች ተመለሱ።

"የከሰል ጭስ አለው። ከዛ ቴምር" አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ጎሽ" አሉ። ፊቴን ግን አላዩም። ኤርፖዱ ያለበትን ጆሮዬን ነው ያዩት።

ሁለተኛውን ቀዱ። ሻይ ሲደጋገም ይቀጥናል አይደል? ይሄ ጠቆረ።

ፉት አልኩ። ውሃ!

"የእማዬ የቀሚስ ሻንጣ ሲከፈት እንደሚሸተው..." አለችኝ ኤልዳና ጆሮዬ ውስጥ። እያለቀሰች ነው። "ደሞ እርጥብ እንጨት... አንቺ ነሽ አይደል? ምንድነው የምትጠጪው? ጾሜን አስገደፍሽኝ!"

"ብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረ ሻንጣ" አልኩ ጮክ ብዬ። "እርጥብ እንጨትም አለው።"

"ጎሽ። አንድ ቀረሽ።"

"ፕሊስ ሂዊ... በቃሽ..."

አፌን በእጄ ከለልኩ። "አንዴ ብቻ፣ ኤልዱ። አንዴ።"

ሦስተኛው ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር። አሁን የተቀዳ ነው፤ እንፋሎት ግን የለውም።

ፉት አልኩ።

ኤልዳና ዝም አለች።

"ኤልዱ?"

...

"ኤልዱ፣ ምን ምን ይላል?"

"ይጣፍጣል" አለች። ለቅሶው የለም። "ጨምሪልኝ።"

ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ከዛ በኋላ አልነካሁትም። አልነካሁትም!

ጆሮዬ ውስጥ ግን ሰው ሲውጥ ይሰማኛል።

ጉርጭ... ጉርጭ...

ሲኒው ውስጥ ያለው ሻይ ዓይኔ እያየ ይጎድላል።

"ኤልዱ ተዪ! እኔ እየጠጣሁ አይደለም!"

"አውቃለሁ" አለችኝ በሹክሹክታ። "አንቺ ተይው። እሳቸው ያጠጡኛል።"

ስልኩ ተዘጋ።

እትዬ ካሰች የበራዱን ክዳን አነሱ። ጎንበስ ብዬ አየሁ... ውስጡ አንድም ቅጠል የለም።

"ሥራውስ?" አልኳቸው። አዎ፣ ያኔም ጠየቅኩ። አፌ እኮ አያርፍም።

"ውጤቱን ቤትሽ ትሰሚያለሽ" አሉኝ። የማሰሮውን አፍ መልሰው አሰሩት።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የሬድ ላይን ባቡሩ ዘገየ። የሎው ላይኑ ደግሞ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮል አደርጋለሁ፣ ኤልዳና አታነሳም። እማዬም አታነሳም። የባቡሩን በር በእርግጫ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ቤት ስገባ እማዬ ክፍሏ ውስጥ ታንኮራፋለች። ኤልዳና ኪችን ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ምድጃው ጠፍቷል። ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ አላርም ግን ቀይ መብራቱ ይርገበገባል። እኔ ምንም አይሸተኝም።

"ኤልዱ?"

ዞረች። ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች... ቀስ አድርጋ የሆነ ነገር ሳበች። ጥቁር... እርጥብ... እየተዘረጋ የሚወጣ።

ቅጠል ነው። ከነግንጩ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዛ ሌላ ሳበች። ከዛ ሌላ...

"ኤልዱዬ... ሥራውን ሳላገኘው አልቀርም" አልኳት።

ቀጣዩን ቅጠል እየሳበች ቀና ብላ አየችኝ።

"ቅዳሜ የምሄደው እኔ ነኝ" አለችኝ። "አንቺማ የጠጣሽው ውሃ ነው።"