በየማለዳው የደረሰው የልብ ምት

የልብስ ሰፊው ሬሳ የተገኘው መስፊያ ክፍሉ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ያላለቀ ኮት ጭኑ ላይ ነበር። ሐኪሙ ልቡ እንደሆነና የሞተውም ሌሊት እንደሆነ ተናገረ። ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ሴት ልጁ ከምትማርበት ከተማ መጥታ ስልኳን ለፖሊስ ባታሳይ ኖሮ። አባቷ በየማለዳው ጣቶቹን ስልኩ ጀርባ ላይ ከተለጠፈች ብረት ላይ ሲያሳርፍ፣ የልቡ ምት ለሚከታተለው ክሊኒክና ለእሷ ይደርስ ነበር። የሞተ ዕለት ጠዋትም ደርሷል። ወይ ጉድ! ሬሳ ልቡን ለክቶ ይልካል?

«ወንድሜ ነው» አለች። ስልኩን ገዝቶ ያስተካከለው እሱ ነው፤ ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅም ጎረቤት ሰምቷል። የአባታቸውን ሕመም ደብቆ በራሱ ጣት ሲልክ ኖሯል ብላ ከሰሰችው። «አባቴን እያየ ገደለው፤ ይታሰርልኝ።»

ጉዳዩ የደረሳት መርማሪ ባልደረቦቿ «ጆሮ» የሚሏት ሴት ናት፤ ሰው ሲያወራ አታቋርጥም። መጀመሪያ ወንድምየውን አናገረችው። የጭቅጭቃቸው ሰበብ አባቱ እግሩ አብጦ መራመድ እያቃተው ሐኪም ቤት አልሄድም ማለቱ ነበር። «ስልኩ ደህና ነህ እያለኝ አንተ ምን ቤት ነህ? ይለኝ ነበር» አለና ፊቱን አዞረ። ማልዶ ሥራ ስለሚወጣ አባቱ ሲለካ አይቶ አያውቅም።

እናትየዋ ኩሽና ነበረች። ባሏ ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው ወንበር ላይ ያድር እንደነበር ነገረቻት። ስልኩ የት እንደሚቀመጥ ስትጠየቅ በአገጯ ወደ ኩሽናው መደርደሪያ አመለከተች። መርማሪዋ ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ደወለች። ባለሙያው የደረቀ ጣት ምቱን እያቆራረጠ እንደሚያሳይ፣ የመጀመሪያው ሰሞንም እንደዚያ እንደነበር ነገራት። ኋላ የመጣው ግን ጥርት ያለ ነው፤ አልፎ አልፎ አንዲት ትርፍ ምት ጣልቃ ትገባበታለች እንጂ።

በቀብሩ ማግስት ሦስቱንም መስፊያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጁ ጣቱን ብረቷ ላይ አደረገ። መስመሩ ያለ አንዲት ትርፍ ምት አለፈ።

«እሱ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «የሟቹን ጣቶች አይቻለሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን መርፌ ሲወጋቸው ኖረው ቆዳቸው ደርቋል። የሚላከው ግን ጥርት ያለ ነበር። ስልኩ ኩሽና ይውላል፤ እሱ ደግሞ ከዚህ ክፍል መውጣት አቅቶት ነበር። መልእክቱ የሚሄደው ልጁ ሥራ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቤት የሚቀረው አንድ ሰው ነው። እናቴ፣ እጅዎን።»

እናትየዋ እጇን በሽርጧ ጠቀለለች። ቆይታ ግን ዘረጋችው። ትርፏ ምት መጣች።

«ውጤቱ አንድ ቀን ከተበላሸ ትምህርቴን ጥዬ እመጣለሁ ብላው ነበር» አለች ሴት ልጇን ሳታይ። «እስክትመረቅ ብቻ፣ አንቺ ላኪልኝ አለኝ። ምን ላድርግ? እሺ አልኩት። ያን ዕለትም ተኝቷል ብዬ እንደ ወትሮው ላክሁ። ከዚያ ሻይ ይዤለት ገባሁ። እሰሪኝ፣ ልጄ።»

መርማሪዋ የምታስረው ሰው አልነበራትም። ስንት ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት አስቀምጣ ያላለቀሰች ሴት፣ እዚህ ቤት ዓይኗን ጠረገች።

«በየቀኑ እያየሁ ደስ ሲለኝ የነበረው…» አለች ልጅቷ።

«የኔ ልብ ነው» አለች እናትየዋ።

ልጅቷ ወንድሟ እግር ላይ ወደቀች። እሱም ሳያስጨርሳት አነሳት።

«አባዬ ለኔ ብሎ ነው የሞተው፣ አይደል?»

አይደለም ሊላት አፉን ከፈተ። ግን በዚያ ቤት ለእሷ ሲባል የተዋሸው በዝቶ ነበር፤ «አዎ፣ እህቴ» ብሎ አቅፏት አለቀሰ።