ዘጠኙ የባሕር ማዶ በጎች

በጥቅምት አጋማሽ ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ክረምቱ ወጥቶ ከልደታ ማርያም በታች ያለው ቁልቁለት ገና አረንጓዴውን ሳይጥል፣ አንድ የጣልያን ካሚዮን ከአውሮፕላኑ ሜዳ በኩል እያቃሰተ ወርዶ ወንዙ አፋፍ ላይ ቆመ፤ በላዩም ዘጠኝ የእንጨት ሣጥኖች ነበሩ። በዚያ ዓመት ካሚዮን ሲመጣ የልደታ ሰው ወደ ቤቱ እንጂ ወደ ካሚዮኑ አይሄድም ነበር፤ የየካቲቱ እልቂት ካለፈ ገና ስምንት ወሩ ነውና። የዚያን ዕለት ግን ከሣጥኖቹ የበግ ድምፅ ተሰማ፤ በግ የሚጠላ ሰው ደግሞ በልደታ ተፈልጎም ስለማይገኝ፣ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ከየአጥሩ ወጣ።

የመጀመሪያው ሣጥን ሲከፈት የወጣውን አውሬ ግን በግ ነው ብሎ ለመማል የደፈረ አልነበረም። ቁመናው የድኩላ፣ ፀጉሩ አጭርና ቡላ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ኮርቻ የጫኑበት የሚመስል ምልክት ያለው፤ ቀንዱም ከግንባሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ ዞሮ እንደገና ወደ ጉንጩ የተመለሰ ነበር። ከካሚዮኑ ዘሎ፣ በወታደሩ ቆብ ላይ አልፎ፣ ከሰፌድ በማይሰፋ ድንጋይ ላይ አራት እግሩን ሰብስቦ ቆመና ሕዝቡን ቁልቁል አየ። ሴቶቹ አማተቡ፤ ወንዶቹም አማትበዋል፤ በኋላ ካዱ እንጂ።

ከሕዝቡ ፊት አፋቸውን ከፍተው የቀሩት አቶ ወልደገብርኤል ነበሩ። እኚህ ሰው በአንድ ሟች ደጃዝማች ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙክት አስቀላቢ ሆነው ያገለገሉ፣ የበግ ወገብ በሁለት ጣት ዳብሰው ስንት ወር እንደ ተቀለበ የሚናገሩ ነበሩ፤ ይህንንም ጎረቤት እንዳይረሳው በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ያስታውሱ ነበር። ስለዚህ የበጎቹ አለቃ ካፒታኖ ፒራስ፣ በግ የሚያውቅ ሰው እንዳለ በአስተርጓሚው በአዱኛ አፍ ሲጠይቅ፣ ወሬውን መስማት የሰለቸው ጎረቤት ሁሉ እሳቸውን ገፍቶ ወደ ፊት አወጣቸው።

ካፒታኖው አጭር፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነበር። በጎቹ ከትውልድ አገሩ ከሰርዲኒያ ተራራ የተያዙ የዱር በጎች መሆናቸውን፣ በዚህ አገር ተዋልደው ይበዙ እንደሆነ ለማየት አለቆቹ እንደ ፈቀዱለት ነገራቸው። አቶ ወልደገብርኤል የአገሩን ስም ያውቁታል። ታናሽ ወንድማቸው ኃይለመለኮት፣ የዚያው የደጃዝማች ቤት ጸሐፊ የነበረው፣ በየካቲቱ እልቂት ማግስት ከመኳንንቱ ጋር ተደምሮ አዚናራ ወደምትባል ደሴት ተግዞ ነበር፤ ያቺ ደሴት በሰርዲኒያ ጥግ እንደምትገኝ የነገራቸውም ይኸው አዱኛ ነው። ወንድማቸውን የወሰደች አገር እነሆ በጎቿን ልካ ፊታቸው አቆመቻቸው።

«ደመወዝ አልፈልግም በልልኝ፤ ወንድሜን ይመልሱልኝ» አሉት አዱኛን።

ካፒታኖው በሚቀጥለው ዓመት፣ ኢምፔሮ የሚሉት የጣልያን ንጉሠ ነገሥት ግዛት የታወጀበት በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ታላላቅ ሹማምንት በጎቹን ሊያዩ እንደሚመጡ ተናገረ፤ ያን ቀን ዘጠኙ ሃያ ሆነው ከተገኙ ኃይለመለኮትን ከነሱ ይለምናል። አዱኛም ያ ቀን በእኛ ግንቦት አንድ መሆኑን ጨመረ። አቶ ወልደገብርኤል ዞር ብለው ወደ ልደታ ማርያም ጉልላት ሰገዱ፤ ቀጠሮውን የሰጠችው እመቤታችን እንጂ ጣልያኑ አልመሰላቸውም።

ዳገቱ በድንጋይ ካብ ታጠረ፤ ካፒታኖውም አርበኞችን እንዲወጋ ወደ ጎጃም ታዘዘና ሄደ። ከዘጠኙ ሦስቱ አውራ፣ ስድስቱ እንስት ነበሩ። በኅዳር አውራዎቹ መዋጋት ጀመሩ፤ ሃያ ክንድ ያህል ተራርቀው፣ በኋላ እግራቸው ቆመው ሲላተሙ ድምፁ እስከ አብነት ሰፈር ይሰማ ነበር። አቶ ወልደገብርኤል አንዱ አንዱን ገድሎ ቁጥር ሊያጎድልባቸው እንደሆነ ፈሩ፤ ፈርተውም የሚያውቁትን አደረጉ። ትልቁን አስቀርተው ሁለቱን ቀጥቅጠው ሙክት አደረጓቸው። በረቱም ጸጥ አለ።

በመጋቢት ስድስት ግልገሎች ተወለዱና ዐሥራ አምስት ሆኑ። ግልገሎቹ በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ከእናቶቻቸው ኋላ ካቡ ላይ ሲሮጡ ያየ ሁሉ ሥራውን ይፈታ ነበር፤ ቀዳሹ እንኳ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን በዚያ አደረገ። አቶ ወልደገብርኤልም ከደስታቸው ብዛት፣ ሁለቱን ወንድ ግልገሎች ሰኔ ሳይገባ በመልካም እጃቸው ቀጠቀጧቸው። ልማድ ነው። በደጃዝማቹ ቤት በግ ማለት ከባላገር በግብር የሚመጣ ነገር ነበር፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በግ እንዴት እንደሚዋለድ የጠየቃቸው፣ እሳቸውም የጠየቁት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ክረምት ገባ። በድንጋይ ላይ የተፈጠረ ሰኮና በልደታ ጭቃ ውስጥ በሰበሰ፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሁለት እንስቶች፣ አንዲት ግልገልና ትልቁ አውራ ሞቱ። አቶ ወልደገብርኤል ከወንዙ ድንጋይ በጀርባቸው እያወጡ ሰው የሚያህል ቁልል ከመሩ፤ የቀሩት ዐሥራ አንዱም እዚያ ላይ ወጥተው እግራቸውን አደረቁና ዳኑ። መስከረም ሲጠባ ባለቤታቸው ወይዘሮ ታየች ምሳ ይዘው መጡ፤ ቁልሉን ሲመለከቱ ቆዩና፣

«አንቱ፣ ከእነዚህ ውስጥ አባት የሚሆነው የትኛው ነው?» አሏቸው።

አቶ ወልደገብርኤል አንድ በአንድ አዩ። ሰባት እንስት፣ አራት ሙክት። ምሳው ሳይበላ ቀረ።

«ወንድሜን በገዛ እጄ ቀጠቀጥኩት» አሉ በመጨረሻ።

ያዳናቸው የጎረቤታቸው የእማማ ወለተሰንበት ቀይ አውራ በግ ነው። ላቱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ለፋሲካ የተቀመጠ በግ ነበር። አዱኛ ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ፤ ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይኖር የሚከለክለው ሕግ ከወጣ ወዲህ በዚህ ነገር ስንቱ እንደ ታሰረ አስታወሳቸው።

እማማ ወለተሰንበት የበጋቸውን ገመድ እየፈቱ «እሱ የሰው ነው፤ ለበግ ገና አልተነበበም» አሉት።

ቀዩ በግ ጥቅምትን በዳገቱ ከረመ፤ እንደ ባሕር ማዶዎቹ ሊዘል ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተንከባለለ፤ ከዚያም የቀረበለትን ሥራ በትሕትና ሠርቶ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። በመጋቢት መጨረሻ ሰባቱ እንስቶች ዘጠኝ ወለዱ፤ ሁለቱ እናቶች መንታ ነበር የወለዱት። ሃያ ሆኑ። ፊታቸው፣ እግራቸው፣ የጎናቸው ነጭ ኮርቻ ሁሉ የእናቶቻቸው ነበር፤ ከኋላቸው ግን ዘጠኝ የሚያማምሩ የሸዋ ላቶች ተንጠልጥለው ነበር።

አቶ ወልደገብርኤል መቁረጥ ያውቁበታል። በበዓሉ ዋዜማ ላቶቹ ምስጢሩን ሳያወጡ ሊቆርጧቸው ካራቸውን ስለው ወደ በረቱ ገቡ። ያን ጊዜ ግልገሎቹ፣ ዘጠኙም፣ ላታቸውን እያወዛወዙ በቁልሉ ጫፍ ላይ እርስ በርስ ይዘላለሉ ነበር፤ አባታቸው የተንከባለለበትን ድንጋይ በአንድ እግር እየረገጡ አለፉት። ከሁለት የማይተዋወቁ አገሮች የመጣ ደም በአምስት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አበጀ። አቶ ወልደገብርኤል ቆመው አዩ፤ ወንድማቸውን አሰቡ፤ ካራውንም አዩ። ከዚያ ወደ ሰገባው መለሱት።

ወይዘሮ ታየች ሲጠይቋቸው «ይቺ እጄ እስካሁን ያበላሸችው ይበቃታል» አሉ። «እንደ ተፈጠሩ ይታዩ።»

ግንቦት አንድ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. የልደታ ሰው እንደ ወጉ ንፍሮውን ይዞ ደጅ ወጥቶ ሳለ፣ ሹማምንቱ በአምስት መኪና መጡ፤ ከጎጃም የተመለሰው ካፒታኖ ፒራስም እያነከሰ ተከተላቸው። በጎቹ ተቆጠሩ፤ ሃያ። ካፒታኖው ግን ግልገሎቹን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ ከሹማምንቱ ወደ አቶ ወልደገብርኤል፣ ከእሳቸው ወደ ላቶቹ ተመለከተ። ሜዳልያው የበዛው ሹም ጅራታቸው ስለ ምን እንደ ወፈረ ጠየቀ። አዱኛ ላብ አጠመቀው። አቶ ወልደገብርኤል ቀርበው፣ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ መሆኑን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

ካፒታኖው ቀደማቸው። ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሹሙም ራሱን እየነቀነቀ ጸሐፊውን አስጻፈ። አዱኛ በኋላ እንደ ተረጎመው፣ የሰርዲኒያ በግ የኢምፔሮውን አየር ሲያገኝ በአንድ ትውልድ ጅራቱ እንደሚወፍር ነበር ያስረዳው።

መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ካፒታኖው በካቡ ላይ ተደግፎ ግልገሎቹን እስኪመሽ አየ።

«አባቱ የት ነው?» አለ በተሰባበረ አማርኛ።

«ለፋሲካ ታረደ» አሉት አቶ ወልደገብርኤል።

ካፒታኖው ባርኔጣውን አወለቀ። የቀለደ ይሁን ያዘነ አልለዩም። ኃይለመለኮት እንዲፈታ የሚለምነውን ደብዳቤ ግን በማግስቱ ጻፈ።

ኃይለመለኮት በኅዳር መጣ፤ ከስቶ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ በዘንግ እየተደገፈ። አቅፈው ያለቀሱት ወንድሙ መጀመሪያ የወሰዱት ወደ ካቡ ነበር። ኃይለመለኮት ቁልሉ ላይ የቆሙትን በጎች አይቶ ዘንጉን ጣለ። የደሴቲቱ ዘበኞች ሰው ሊቀርባቸው ስለማይችላቸው በጎች ሲያወሩ፣ እስረኛ ለማጫወት የሚዋሹ ይመስለው እንደ ነበር ተናገረ፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ እስኪጨልም አልተነሣም።

ጣልያን በሚያዝያ ፲፱፻፴፫ ሲወጣ በጎቹ አርባ አንድ ደርሰው ነበር። ካቡ ለቤት መሠረት ፈረሰ፤ ግማሾቹ ተበሉ፤ ግማሾቹ ከአገሬው መንጋ ተቀላቀሉ። ሹሙ ያስጻፈው ወረቀት ስለ ሃያ በጎችና ስለ ኢምፔሮው አየር ይናገራል፤ ስለ ቀዩ በግ፣ በጀርባ ስለ ወጣው ድንጋይ፣ ወደ ሰገባው ስለ ተመለሰው ካራ አንድም መስመር የለበትም። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ግን፣ በበዓል ሰሞን በተክለ ሃይማኖት በኩል ከሚነዳው መንጋ መሐል፣ ቀንዱ ወደ ጉንጩ የዞረ፣ ባለ ላት በግ አልፎ አልፎ ይታይ ነበር፤ አቶ ወልደገብርኤልም አርጅተው ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ፣ እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ዳብሰው ዋጋ አይጠይቁም፤ መንገድ ለቀውለት ቆመው ያሳልፉት ነበር።