ሰልባጅ ተራ የወደቀው ቦንዳ

የኋላሸት የሞተው በሚሸጠው ልብስ ሥር ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ ባለው መጋዘኑ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ትልቅ ቦንዳ ልብስ ደረቱንና ፊቱን ተጭኖት ተገኘ። ጠዋት በሩን የከፈተችው ሚስቱ ማንጠግቦሽ እየጮኸች ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ቦንዳው ከመደርደሪያ ወድቆበት ነው አለ።

ኢንስፔክተር ትሕትና ቦንዳውን አስነስታ የሟቹን ማጅራት ስታይ ግን፣ የልብስ ቦንዳ እንዲህ እንደማይፈነክት ገባት። ከስፌት መኪናው ሥር የከሰል ካውያ ተወርውሯል፤ ጫፉ ላይ ደም ደርቋል። ካውያው እዚያው መጋዘን የምትሠራው የልብስ ሰፊዋ የፍቅርአዲስ ነው። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ነገሩ ያለቀ መስሎት ፍቅርአዲስን በካቴና አሳሰራት፤ ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ቤቷ የሚጠባ ልጅ ትታ የመጣች ሴት ናት።

ለትሕትና ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። የሟቹ ጫማ ወልቋል፤ ሁለቱ የእግሩ አውራ ጣቶች ተገጥመው በጨርቅ ቁራጭ ታስረዋል።

«እግሩን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?» ስትል ማንጠግቦሽን ጠየቀቻት።

«እኔማ ከበሩ አላለፍሁም። ፖሊሶቹ መስለውኝ።»

ፖሊሶቹ ደግሞ ሚስቱ መስላቸው ነበር። ትሕትና አሮጌ አንሶላ አንስታ እግሩን ሸፈነችው።

ከዚያ ወደ ቦንዳው ዞረች። አፉ የተሰፋው በአገር ቤት ሲባጎ ነው። ሲፈታ የሳንዱቅና የናፍታሊን ሽታ መጋዘኑን ሞላው። ከላይ የወጣው ጥቁር ኮት አንገትጌ ላይ የጣልያን ማርካ ተሰፍቶበታል።

«ይህ ስንት ይሸጣል?»

«ሁለት ሺህ።» ማንጠግቦሽ በለቅሶዋ መሃል እንኳ ዋጋ ሲጠራ ነቃ አለች። «ርካሽ ነው እኮ! አዲሱን በስድስት ሺህ ገዝተው ዓመት ሳይሞላው ይተለተላል። የፈረንጅ ዕቃ ግን አሮጌውም ያገለግላል።»

ከተማው ሁሉ የሚያስበው እንዲሁ ነው። ሰልባጅ ከሆነ ፈረንጅ ለብሶታል፣ ፈረንጅ ከለበሰው ጥሩ ነው፣ ጥሩ ከሆነ በተባለው ዋጋ መውሰድ ትርፍ ነው። አገላብጦ የሚያይ የለም። ትሕትና ራሷ በዚሁ ሒሳብ፣ ከዚሁ ሱቅ የገዛችውን ሹራብ ለብሳ ነበር።

ኮቱን ወደ ብርሃን አወጣችው። እጅጌው ላይ የጧፍ ሰም ጠብታ ደርቋል፤ ብብቱ ሥር፣ መቋሚያ የሚደገፉበት ቦታ፣ ጨርቁ ተልጦ ነጥቷል። እጇን ወደ ቦንዳው ስትሰድ ሱሪው፣ ሸሚዙ፣ ካልሲው ሳይቀር የአንድ ሰው ልክ ሆኖ ተከታትሎ ወጣ። የሸሚዙ አንገትጌ ላይ የሰውየው ወዝ ገና አለ። ሹራቧን አውልቃ ጥግ ወረወረችው።

ፍቅርአዲስን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«ማርካውን የሰፋሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ልብሱ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም።» አንገቷን ደፋች። «ትናንት ግን አንድ ሰው መጥቶ የሟች አባቱን ኮት እዚህ ተሰቅሎ አገኘ። ጉድ አፈላ! የኋላሸትም ‹ብቻዬን አልዋረድም፤ ያመጣልኝን ሰው ስም እናገራለሁ› አለ።»

«ልብሱን የሚያመጣለት ሰው ማን ነው?»

«አይቼው አላውቅም። እኔ ከሄድሁ በኋላ ነው የሚመጣው። ትናንትም ካውያዬን እዚሁ ትቼ ወደ ልጄ ሄድሁ።»

ረፋድ ላይ የእድሩ ዳኛ አቶ ኪዳነ ማርያም መጡ። በሰፈሩ የሞተ ወንድ ሁሉ የሚገነዘው በእሳቸው እጅ ነው። የሟች ልብስም ለቆሎ ተማሪና ለነዳያን እንዲያከፋፍሉ የሚሰጠው ለእሳቸው ነው።

«እዚህ ግቢ እግሬ ረግጦ አያውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ግን ሬሳ እንዲህ አይተውም።»

«እንግዲያው ሆስፒታል ሳይሄድ ደንቡን ያድርሱለት።»

ሽማግሌው አገጩን አሰሩ፤ የደረቁትን እጆች እንደምንም አገጣጥመው አውራ ጣቶቹን አሰሩ። ከዚያ ብድግ ብለው «ጨርሻለሁ» አሉ።

ትሕትና ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«ገዳዩ የሟቹን እግር አስሯል» ብላ ጀመረች። «ሬሳ ከደረቀ በኋላ እግር እንዲህ አይቃናም። ስለዚህ ያሰረው ገላው ሳይበርድ አጠገቡ የነበረ ሰው ነው። ልብሱ ደግሞ ከባሕር ማዶ አልመጣም። ጣልያን አገር በመቋሚያ ተደግፎ ማሕሌት የሚቆም የለም። በሕይወት ያለ ሰውም ካልሲውን ሳይቀር ባንድ ጊዜ አይሸጥም። የሟቾች ልብስ ነው። በዚህ ሰፈር ይህን የሚረከበው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አቶ ኪዳነ ማርያም ተቆጡ። «ሰርቀውኝ ይሆናላ!»

«ይሆናል። ግን ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ሰው ሲገንዙ፣ እግሩን ሳያስሩ ‹ጨርሻለሁ› ብለው ያውቃሉ?»

«ታስሯል እኮ!»

«አንሶላው እንደተሸፈነ ነው። እርስዎ አልገለጡትም። መታሰሩን ማን ነገረዎት?»

ኪዳነ ማርያም ዓይኑን ወደ አንሶላው ወረወረ። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርበት።

«እጄ... ልማድ ሆኖብኝ» አለ። «እግሩን አስሬ ነው የባነንሁት። ሳይገነዝ ትቼው ብወጣ ነውር መስሎኝ።»

ሙታንን ገፎ ሲሸጥ ነውር አልመሰለውም። ሰው በካውያ ፈንክቶ ሲገድል ነውር አልመሰለውም። የሚያቅለሸልሸው ይህ ነው። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አልፈለገም።

የፍቅርአዲስ ካቴና ተፈታ። ጡቷ ፈስሶ ቀሚሷን አርሶታል። ወደ ልጇ ልትሮጥ ብትወጣ በሩ በሰው ተዘግቷል፤ ነጋዴው ስለሞተ ዕቃው በርካሽ ይለቀቃል ተብሎ ተወርቷል። አንዲት ሴት ከደጅ ከተሰቀለው መሃል አንዲት ትንሽ የሕፃን ሹራብ አውርዳ ታገላብጣለች።

«አትግዢው» አለቻት ፍቅርአዲስ። «የሞተ ልጅ ልብስ ነው። ማርካውን የሰፋሁበት እኔው ነኝ።»

ሴትዮዋ ክሩን ሳብ ሳብ አድርጋ አየችው። ወደ ፀሐይም አንስታ አየችው።

«እንዲያ ከሆነ ታዲያ» አለች፣ «ስንት ትቀንሽልኛለሽ?»