«ደህና» የተባለው መልእክት

ኩኩ ምሳ ዕቃውን ይዛ አባቷ ቢሮ ስትገባ እሱ «ፕሮፌሰሯ» የተቀመጠችበትን ወንበር ተደግፎ ይስቅ ነበር። ቤት ውስጥ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

«አንቺማ ጉድ ነሽ» ይላታል ፕሮፌሰሯን። «ይቺን ማታለያ እኔም አላያትም ነበር።»

አባቷ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ፕሮፌሰሯ የአክስቷ ልጅ ናት፤ ቅጽል ስሙን ለማሽሟጠጥ ያወጣችላት ኩኩ ራሷ ነች። ልጅቷ የትምህርት ቤት እረፍቱን እነ ኩኩ ቤት ልታሳልፍ መጥታ ገና ሻንጣዋን በወጉ ሳትፈታ፣ አባቷ ሥራ ቦታው ይዟት መሄድ ጀመረ።

ሰሞኑን የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች በየከተማው ባሉ ሆስፒታሎች ላይ ዘምተዋል። መንገዳቸው ኢሜይል ነው። አንድ ሠራተኛ ተታልሎ ከከፈተው የሕሙማኑ መረጃ በሙሉ ይቆለፋል። ስለዚህ አባቷ አዲስ ማጣሪያ ገጠመ። ማጣሪያው የተጠራጠረውን መልእክት አግቶ ያስቀምጣል፤ ፕሮፌሰሯ እያነበበች «ደህና» ወይም «አይፈለጌ» የሚለውን ትነካለች። «ደህና» የተባለው ወደ ሠራተኞቹ ያልፋል። መጀመሪያ አባቷ ሥራዋን ይከልስላት ነበር፤ አሁን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያምናታል።

ኩኩም እንዲያሠራት ጠይቃው ነበር። እሱ ግን «አንቺ ተጫወቺ፣ የኔ ልጅ» ብሎ ፀጉሯን ዳበሳት። ከእምቢታው ይልቅ ዳበሳው አንገበገባት።

ሁለቱ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ኩኩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ «የፈረቃ ለውጥ፤ አባሪውን ይክፈቱ» የሚል መልእክት አለ። ከአስተዳደር የመጣ ይመስላል፤ የላኪው አድራሻ ላይ ግን ከሆስፒታሉ ስም አንዲት ፊደል ጎድላለች። ወዲያው ነቃችበት። ማንም ሳያስተምራት። ግን ማን አየላት? ምነው ፕሮፌሰሯ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስታ አባቴ ባያት ብላ ተመኘች። ጣቷም «ደህና» ላይ አረፈ።

ምሳው ተበልቶ ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ነርስ ነበረች፤ ማንም ያልነገራት የፈረቃ ለውጥ በኢሜይል ስለደረሳት ሳትከፍተው ልትጠይቅ ነው የደወለችው። የአባቷ ፊት አመድ መሰለ። በየክፍሉ እየደወለ እንዳይከፍቱት ለመነ፤ የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ ግን ቀድሞ ከፍቶታል። አባቷ ሮጦ ሄዶ የዚያን ኮምፒውተር የኔትወርክ ገመድ ነቀለ።

ኩኩ ተከትላው ወረደች። ሌላው ሁሉ ተርፎ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ብቻ ተቆልፏል። ወረፋው ግን ግቢው ድረስ ተዘርግቷል። አንዲት እናት በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ታቅፋ ጸሐፊውን ደጋግማ ትጠይቀዋለች፤ እሱም የልጁን የድሮ ካርድ ማየት እንዳልቻለ ደጋግሞ ይነግራታል። ኩኩ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

አመሻሹ ላይ አባቷ ሸሚዙ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። መልእክቱን ማን እንዳሳለፈው ሳይቆጣ ጠየቀ። ፕሮፌሰሯ ስክሪኑን አየች፤ መልእክቱ ያለፈበት ሰዓት ተጽፎበታል፣ እጃቸውን ሊታጠቡ የወጡበት ሰዓት ነው። ቀና ብላ ኩኩን አየቻት። የገባት ትመስላለች።

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ» አለች። «ሳላስተውል ነው።»

አባቷ የፕሮፌሰሯን ትከሻ ያዝ አደረገ። የሚሠራ ሰው ይሳሳታል፣ ነገ አብረን እንከልሰዋለን አላት።

ኩኩ የተመኘችው ይኸው ሆነ። ልጅቷ ተሳሳተች ተባለ፣ አባቷም ሰማ። ግን የአባቷ እጅ አሁንም ያለው እዚያው ትከሻ ላይ ነው። ፕሮፌሰሯ ሳቁን ወሰደች፣ ወንበሩን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ የኩኩን ጥፋት እንኳ ወስዳ አይዞሽ ተባለችበት። ቅናቱ አልለቀቃትም። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ የዚያ ሕፃን መንቀጥቀጥ።

«አባዬ፣ እሷ አይደለችም» አለች። «እጇን እየታጠበች ነበር። የነካሁት እኔ ነኝ።»

አባቷ ዞሮ አያት።

«ሳታውቂ ነው አይደል?» አለ። ድምፁ «አዎ» በይኝ ብሎ የሚለምን ይመስላል። ፕሮፌሰሯም ከኋላው ሆና አንገቷን ትነቀንቅላት ነበር፣ በይው እንጂ እንደማለት።

ኩኩ ሁለቱንም አየች።

«አውቄ ነው» አለች።