ያልጻፍኩት መልስ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ቤት ውስጥ ኮሽ ሲል ሌላው ሲያማትብ እኔ አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ የምፈልግ ነኝ፣ ሥራዬም እዚሁ ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ማስተማር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያላዘዙትን አያደርግም እያልኩ ስንቱን ተማሪ ተቆጥቻለሁ። ነገሩ የሆነውም በጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጎረቤት ወፍጮ እየጮኸ ነው።

ከቡሬ ወጣ ካለ ደብር አንድ መሪጌታ አሮጌ ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልለው ቤቴ መጡ። ውስጡ ያለው የመምህራቸው የየኔታ ቅኔ ነው። የኔታ በቅርቡ ነው ያረፉት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲቀኙ አንዱንም ወረቀት ላይ አላሰፈሩም፣ በመጨረሻ ድምፃቸው ሲደክም እሳቸው በሹክሹክታ እየነገሩ፣ መሪጌታ በራሳቸው ድምፅ እየተቀበሉ ላፕቶፑ ላይ ተቀዳ። ሌላ ቅጂ የለም። የላፕቶፑ የፍላሽ መሰኪያ ተሰብሯል፣ ዲስኩ ይንቋቋል፣ ትንሽ ሲሞቅ ድርግም ይላል። ይኸ ከጠፋ የኔታ ሁለተኛ ሞቱ ማለት ነው ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

ደህና የቀረው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያው ብቻ ስለነበር በእሱ ከእኔ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁትና፣ ለተማሪዎቼ የማስተምራትን በሶኬት፣ ማለትም ሁለት ፕሮግራሞች በገመድ በሚነጋገሩበት መስመር፣ ፋይል የምታሻግር ፕሮግራም አወጣሁ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ሰርቨር የሚባለው ፕሮግራም እኔ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ያዳምጣል፣ ክላየንት የሚባለው ከአሮጌው ላፕቶፕ አንድ ፋይል ይልክና ከሰርቨሩ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጠብቃል፣ መልሱ ሲመጣ ጢን ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ካልመጣ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ይህን ለመሪጌታ ሳስረዳቸው ሳቁ፣ ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፣ ተማሪ የቆጠረውን፣ ራሱ አስቦ ያዘጋጀውን ቅኔ የኔታ ፊት ቆሞ ያሰማል፣ «ይበል» ካልተባለ አያልፍም አሉኝ።

ጀመርን። ጢን አለ፣ አንዱ ገባ። መሪጌታ ጢን ባለ ቁጥር «ይበል» እያሉ ይቀልዳሉ። ዲስኩ መንቋቋቱን ተወ፣ እጄን አስጠግቼ ብነካው፣ እመኑኝ፣ ላፕቶፑ ቅዝቅዝ ብሏል። ጢን የምትለዋም እኩል አትመጣም ነበር፣ ለአንዳንዱ ቅኔ ወዲያው፣ ለአንዳንዱ ቆየት ብላ፣ አሰብ አድርጎ እንደሚመልስ ሰው። ይኼስ ምንድን ነው አልኩ በልቤ፣ ግን ሰው ነገር ሲሰምርለት መች ይመረምራል።

በመጨረሻ አንድ ፋይል ላይ ቆመ። ፋይሉ ሙሉውን እኔ ጋ ደርሷል፣ መልሱ ግን የለም። ስህተቱን ልፈልግ ሰርቨሩን ከፍቼ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ለካ በጥድፊያ ያስነሳሁት ለተማሪዎቼ ለልምምድ የምሰጣትን ጅምር ፕሮግራም ኖሯል፣ መልስ መስጫውን እነሱ እንዲጽፉት ሆን ብዬ የምተወውን። ተቀብሎ ያስቀምጣል እንጂ መልስ የሚባል ነገር አያውቅም። መቆም የነበረበት ገና በመጀመሪያው ፋይል ነው። ይኼኛው ለምን ቆመ የሚለውን ትቼ፣ ለእነዚያ ሁሉ ማን መለሰ ማለት ጀመርኩ።

ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ከዚያ የቆመውን ፋይል አሰሚኝ አሉኝ፣ ከፈትኩት፣ እንደሌሎቹ ሁሉ የራሳቸው ድምፅ ነው፣ እኔ ልዩነቱ አልታወቀኝም። እሳቸው ግን አቀረቀሩ።

«ይኸ የየኔታ አይደለም» አሉ። «የቆጠርሁት እኔ ነኝ። በሕይወት ሳሉ ላሰማቸው ፈርቸ፣ ከእሳቸው ቅኔ መሀል ከተትሁት። ድምፁ አንድ ነው፣ ማን ይለየዋል ብየ።»

ገመዱ ላልቶ ይሆናል አልኳቸው፣ እኔ ራሴ ግን አላመንኩትም። እሳቸው ቅኔው የቱ ቤት፣ የቱ ስንኝ ላይ እንደተሰበረ አውቀዋለሁ፣ አርሜው እመጣለሁ ብለው ላፕቶፑን እኔ ጋ ትተው ሄዱ። በነጋታው ያችኑ ጅምር ፕሮግራም በሌላ ፋይል ሞከርኳት፣ ደጋግሜ ሞከርኳት፣ የመጀመሪያው ላይ ቀጥ አለች፣ እንደሚገባት።

ባለፈው ገበያ ቀን መሪጌታ ተመልሰው መጡ፣ የታረመውን ቅኔ እዚያው አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ቀዳነው። ጢን ማስባል ለእኔ አንድ መስመር መጻፍ ነው፣ ሰውየው ሲያሳዝኑኝ ልጽፈውም አስቤ ነበር፣ እጄ እምቢ አለ። እንዳለ ላክሁት። መሪጌታ ወንበሩን ትተው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ፣ እንደ ቅኔ ተማሪ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ምንም አልመጣም፣ የቡሬ መኪና ሊያመልጣቸው ሆነ።

«አትዝጊው፣ ልጀ» አሉኝ በሩ ላይ። «የኔታ አንዳንዱን አሳድረው ነበር የሚመልሱ።»

አልዘጋሁትም። ሁለቱ ላፕቶፖች አሁንም እንደተያያዙ ናቸው፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከሥራ ቦታ ኮምፒውተር ነው፣ እቤት ስሆን ሬዲዮ መክፈት ትቻለሁ።