ሮተሩ ያልተገለጸው መዝገብ

«የማሽኑ ጌታ አንተ ነህ?» አለችው፣ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ።

«ጌታው ፎቅ ላይ ነው። እኔ አዙር ሲሉኝ የማዞር ነኝ።»

የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ «ሽክርክሪት» ይለዋል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቶ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሴንትሪፊውጁን፣ ያንን ብልቃጥ እያሽከረከረ ከባዱን ከቀላሉ የሚለይ ማሽን፣ ሲያዞር ኖሯል። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሰላምታ እንኳ መጥነው ነው የሚሰጡት። እሱም አንዷን ንቀት አይረሳም።

ልጅቷ ግን ሳቀች። መዝጋቢ ነበረች። ሕዋሳት ወደ ውጭ የሚለቋቸውን፣ በዓይን የማይታዩ ከረጢቶች የሚያጠኑ ሰዎች በፈቃደኝነት ያቆሙት የጋራ የመረጃ ቋት አለ፤ እያንዳንዱ ጥናት ከረጢቶቹን እንዴት እንዳወጣ እዚያ ይሰፍራል፤ ሌላ አገር ያለ ሰው አይቶ እንዲደግመው። እሷ ሐሙስ ሐሙስ ያለ ክፍያ ትመዘግባለች።

«ፎቅ ላይ ያሉት ፕሮፌሰር የዛሬ ሰባት ዓመት ያወጡት ጽሑፍ ብልቃጡ ለሁለት ሰዓት ዞረ ይላል፤ በየትኛው ሮተር እንደሆነ ግን አይልም። ያዞርከው አንተ ነህ አሉኝ።»

ሽክርክሪት እጁን በጋውኑ ጠረገ። ያን ቀን ደኅና አድርጎ ያስታውሰዋል። ፈጣኑ ሮተር፣ ብልቃጦቹ የሚሰኩበት ብረት፣ ተሰንጥቆ ስለነበር በዝግተኛው ነበር ያዞረው፤ ሁለት ሳይሆን አምስት ሰዓት ሙሉ። ከረጢቶቹም የወጡት በዝግታው ነው፤ ፈጣኑ ያፈርሳቸዋል። ሊያስረዳ ቢሄድ ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «አንተ አዙር፤ መጻፉን ለእኛ ተው» አሉት። ተወላቸው። ጽሑፉን ተከትሎ የሞከረ ሁሉ ባዶ ብልቃጥ ይዞ እንደቀረ በሰማ ቁጥር አንጀቱ ይርስ ነበር።

«በፈጣኑ ነው» አላት። «ሁለት ሰዓት።»

አመነችውና ጻፈች።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር የምትጠይቀው አታጣም። እሱም ረቡዕ ረቡዕ ጺሙን መላጨት ጀመረ።

«ዛሬስ ምን ጎደለሽ?»

«ምንም። ፊትህ ተፈትቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

አንድ ሐሙስ ግን የእሷ ፊት ጠቁሮ መጣ።

«አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። እኔ የመዘገብኩትን ይዛ አራት ጊዜ ሞክራ ምንም አላገኘችም። እጅሽ አይረባም ብለው ሊያስወጧት ነው።»

በፕሮፌሰሩ ላይ የቋጠረው ቂም ማን ላይ እንዳረፈ ገና አሁን አየው። አፉን ቢዘጋ ይህችን ሴት አያጣትም። ቢናገር ያጣታል።

«እጇ ደኅና ነው» አለ። «የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገራት።

ማስታወሻዋን ከደነች።

«ሰውዬው ናቁህ፤ እሺ። እኔ ምን አደረግኩህ?»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች። በኃይል ብታላጋው ይሻለው ነበር።

የመረጃ ቋቱ ለማንም ክፍት ነው። በሁለት ጣት ፊደል እየለቀመ እርማቱን አስገባ፤ ከሥሩም «እያወቅኩ ሰባት ዓመት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጨመረ። ደንቡ ግን ሌላ ሰው የሥራ ደብተሩን አይቶ ካላረጋገጠ እርማት አይወጣም። እሷ ሳትመጣ ሁለት ሐሙስ አለፈ። ፕሮፌሰሩ ወሬው ደርሷቸው ኮሪደር ላይ ፊታቸውን አዞሩበት፤ ይገርማል፣ እንደ ድሮው አልቆረቆረውም። የሚቆረቁረው ያ ቀስ ብሎ የተዘጋ በር ነበር።

በሦስተኛው ሐሙስ ጠዋት መጣች።

«ደብተርህን።»

ሰጣት። እንደቆመች መስመር በመስመር አነበበች፤ ቀኑን፣ ሮተሩን፣ ሰዓቱን። እሱ የጣቷን ጫፍ በዓይኑ ተከተለ። ስልኳን ነካ አደረገች።

«እርማትህ ጸድቋል። ለተማሪዋም የነገርከኝን በዚያው ዕለት ነግሬያት፣ በዝግተኛው ሮተር አምስት ሰዓት ሙሉ አዙራ ሞከረችው። ወጣላት።»

«እኔስ?»

«አንተማ ገና ነህ። አንተን ለማረጋገጥ አንድ ሐሙስ አይበቃም።» ከንፈሯ ዳር ሳቅ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «አምስት ሰዓት ሙሉ ሲዞር ምን ትሠራለህ?»

«ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ። ድምፁ ከተለወጠ ማቆም አለብኝ።»

«ብቻህን?»

«ማን አብሮኝ ይቀመጣል?»

ስልኳን አነሣች። «እማዬ፣ ለምሳ አትጠብቂኝ» አለችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ቁልፉን ተጫነው። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ።

«ደኅና ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ደኅና ነው።»