ከአዛለች አጥር ላይ የጠፋው ጋቢ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። እዚያ በር ላይ አትቁሙ፤ የቆመ ሰው ልቡ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጋቢ ነው። ጋቢ ደግሞ ምን ይወራለታል አትበሉ። በዚያ ጋቢ ሰበብ አንድ ምስኪን ጀርባው በጅራፍ ሊተለተል፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ ዓይኗ ሳይጠፋ ላየው ያለችው ነገር ሊቀርባት፣ የግማሽ ቀን ዕድሜ ብቻ ነበር የቀረው።

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ የመስቀል ሰሞን ነው። ቦታው ወልቂጤ።

ጠዋት ጩኸት ተሰማ።

«ልጄን! ልጄን ወሰዱብኝ! ያገር ያለህ!»

ማመልከቻ ጸሐፊው አስረስ ብዕሩን ጥሎ ሮጠ። ያልሮጠ አልነበረም። ሲደርሱ ግን የሞተ ሰው የለም። እትዬ አዛለች በእሾህ አጥሯ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። አጥሩ ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ገባው። ጋቢው ጠፍቷል።

የጋቢው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ልጇ ተካ ወደ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። የቀረላት ጋቢው ነበር። በየሳምንቱ ታወጣዋለች፣ ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ አጥፋ ትመልሰዋለች። ያን ጋቢ በእጁ የነካ ጎረቤት የለም።

አስረስ ከመንዝ ከአንድ ዳኛ ጋር በጸሐፊነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ዳኛውም ችሎቱም ሄደው እሱ ዝግባ ሥር ማመልከቻ ይጽፋል። ሌባ ፈልግ ብሎ የሾመው የለም። ግን ሃያ ዓመት የምስክር ቃል የጻፈ ሰው ውሸት የምትሾልክበትን ቀዳዳ ያውቃል።

ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። እሾሁን አየ። አንዲት ክር አልቀረችበትም።

«ቸኩሎ የነጠቀ ክር ይተዋል» አለ ለራሱ። «ይሄኛው እሾሁን አንድ በአንድ እያላቀቀ ነው ያነሳው።»

ከአጥሩ ሥር ደግሞ አንድ ጅባ አለ። ከእንሰት የሚሠራው ምንጣፍ። አዲስ፣ በሥርዓት የታጠፈ። ማንም ልብ አላለውም፤ እንዲያውም አንድ ሰው በጫማው ቆሞበታል።

ሰውየው ኃይሌ ነው። የአዛለች ባል ወንድም፣ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ።

«ምን ትዞራለህ፣ ጸሐፊ?» አለ ኃይሌ። «ሌባው ታውቋል። ያውና!»

ጣቱ ከመንገዱ ማዶ ወደቆመው ካሚዮን አመለከተ። ጫኙ ከማሉ ጎማው አጠገብ ቆሟል። ትከሻው ላይ ነጭ ነገር ተበትኗል።

«ካሚዮኑ ከዚህ ንቅንቅ አይልም» አለ ኃይሌ። «እስከ ስድስት ሰዓት ጋቢው ካልተገኘ ከማሉን ለጦር ሰፈሩ አስረክበዋለሁ። አርባ ጅራፍ ሲቀምስ ይናገራል።»

ይህን ጊዜ ከካሚዮኑ ጎን ድንጋይ ላይ የተቀመጠች አሮጊት ቀና አለች።

እማማ ዓለምዘውድ ናት። ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ነው እዚያ የተቀመጠችው፣ የሳሳች ነጠላዋን ተከናንባ። አንድ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ሌላው ደግሞ ጭስ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የሚያይላት። ልጇ ፈቃደ ለመስቀል ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ «ምን ላምጣልሽ?» ቢላት፣ «ምንም አታምጣ፤ ውሰደኝ። ጊቤን ከላይ ሆኜ አንድ ጊዜ ልየው» አለችው። ከጊቤ ማዶ ናት የተወለደችው። ሙሽራ ሆና ስትመጣ ባሏ ወንዙን በትከሻው ተሸክሞ ነው ያሻገራት። ባሏም ከሞተ ቆየ፤ የነበራቸው አንድ ጋቢ ከእሱ ጋር ተቀብሯል።

ካሚዮኑ ለድልድይ ሠራተኞች ጨው ይዞ ወደ ጊቤ ይወርዳል፤ ማታ ይመለሳል። ፈቃደ በነጋታው ወደ ሥራው ነው። ዛሬ ካልሆነ ለከርሞ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ ዓይኑ የለም።

ቤተሰቡ የት እንቀመጥ በሚል ሦስት ቀን ተሟግቷል። ካሚዮን ላይ ሦስት ዓይነት ቦታ ነበረ። አንደኛው ሾፌሩ አጠገብ ነው፤ መስታወት አለው፣ በር አለው። ሾፌሮች «ጋቢና» ይሉታል። ቃሉ ከካሚዮኑ ጋር የመጣ እንግዳ ነው፣ ከተማው ገና አልለመደውም። ሁለተኛው ከኋላ ሸራ ሥር፤ ይሞቃል፣ ግን ጨለማ ነው። ሦስተኛው ከጨው ጆንያው ላይ፤ ነፋሱም አገሩም ያንተ ነው።

ፈቃደ ከመጀመሪያው ንቅንቅ አልልም አለ። ሾፌሩን ሰይዶን ለምኖ፣ ተለማምጦ ጋቢናውን ያዘላት። እናቱ ግን፣ «እኔ እንድቀመጥ ነው ወይስ እንዳይ ነው የምትወስደኝ?» እያለች ስታጉረመርም ነበር።

አሁን ጎኗ የተቀመጠችውን ሴት እጅ ያዘች። «ብርቄ፣ ዛሬ እንሄዳለን አይደል?»

ልትነሳ የነበረችው ብርቄ ተመልሳ ተቀመጠች። ይህቺ ብርቄ የእምድብር ልጅ ናት። በልጅነቷ ዓለምዘውድ ቤት ገብታ እዚያው አድጋ፣ አሁን ፀጉሯ ገባ ገባ ብሎ ሸብቷል።

አስረስ ከማሉን ጠራው።

«የት አደርክ?»

«እዚሁ፣ ካሚዮኑ ሥር።»

«ይሄ ትከሻህ ላይ ያለውስ?»

«ጥጥ ነው፣ ጋሼ። ትናንት የጥጥ ጆንያ ተሸክሜ ነበር፣ ወላሂ።»

«ጥጥ!» አለ ኃይሌ። «ጋቢስ ከምን ይሠራል? ከድንጋይ?»

ሰው ሳቀ። ከማሉ አልሳቀም። አስረስ ነጩን ነገር በጣቱ አንስቶ ፈተለው፣ ጠጠር ያለ ነገር አገኘ።

«ፍሬ አለበት» አለ። «ያልተፈለቀቀ ጥጥ ነው። ጋቢ ላይ ፍሬ ያየ አለ?»

ማንም አላየም። ኃይሌ ግን በአንዱ ተይዞ የሚቀር ሰው አይደለም። ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«እንግዲያው ሾፌሩ ነው የደበቀው። ፈትሹት!»

ካሚዮኑን ፈተሹ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር በኮባ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ኃይሌ በድል ፈታው።

ቆጮ ነው። ቆጮ፣ ቅቤ፣ ከሥሩም መዳፍ የምታህል የሕፃን ጫማ።

«የልጄ ነው» አለ ሰይዶ። «ጋቢናዬን አገላበጥከው፤ አሁን ረካህ?»

ኃይሌ ፊቱ ቀላ። የተዋረደ ሰው የሚያዋርደው አያጣም።

«ጋቢና! ጋቢና! እስኪ ቋንቋ እንኳ ተማሩ። ካ-ቢ-ና ነው የሚባለው። ምነው፣ የምትለብሱት ጋቢ መሰላችሁ?»

አገሩ ሁሉ ሳቀ፤ ሰይዶም ሳይወድ ፈገግ አለ።

አስረስ ግን ሳቅ አልመጣለትም። አንድ ነገር ጆሮው ውስጥ እንደ ቃጭል ሲያቃጭል ቀረ። የታጠፈውን ጅባ አየ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት፣ የሳሳች ነጠላዋን አየ።

«በሉ ተቀመጡ» አለ። «አውጫጭኝ ነው። እንደ ወጉ፣ ሳይነገረው የሚነሳ በራሱ ላይ መሰከረ።»

ተቀመጡ።

«የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትናንት ሰይዶ ወደ እማማ ዓለምዘውድ ቤት ሲመጣ እነማን ነበራችሁ?»

ፈቃደ እጁን አነሳ። ከማሉም አብሮ ነበር። ብርቄም ከበሩ ጀርባ ውሃ ትቀዳ ነበር።

«ሰይዶ ስለ አሮጊቷ ምን አለ? ቃሉን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ንገሩኝ። ፈቃደ፣ ጀምር።»

«‹ሴትዮዋ ደካማ ናቸው፤ ያለ ጋቢና አልጭናቸውም› አለኝ።»

«ከማሉ?»

«‹ያለ ጋቢና አልጭናቸውም› ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«ብርቄስ?»

ብርቄ መሬት መሬቱን እያየች ነው። «‹ያለ ጋቢ አልጭናቸውም› አለ።»

«ያለ ምን?»

«ያለ ጋቢ። ከላይ ብርድ ነው ብሎ።»

«አማርኛዋን ስሙልኝ!» አለ ኃይሌ፤ ተንከተከተ።

አስረስ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሸንጎ ፊት የሰው ጥፋት ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጉሮሮዬ ደረቀ። ብርቄ፣ ነይ እስኪ ውሃ አጠጪኝ።»

ከካሚዮኑ ኋላ ወሰዳት። ውሃ አልጠየቃትም።

«ጅባውን አንቺ ነሽ የሠራሽው።»

«አዎ።»

«ለምን ተውሽው?»

«የሰው ወስጄ አጥሩን ባዶ ልተወው? አስፈራኝ፣ ጋሼ። ማታ ስንመለስ ጋቢውን ሰቅዬ ጅባዬን ልወስድ ነበር።»

«ብትጠይቂያትስ?»

«እትዬ አዛለች ያንን ጋቢ ለነፋስም አታውስም።»

አስረስ ፈገግታ ሊያመልጠው ሆኖ ያዘው። «ከማሉ ሲያዝ ግን ዝም አልሽ።»

ብርቄ ይህን ጊዜ ፈረሰች። «ልናገር ልነሳ ነበር። እማማ እጄን ይዛ፣ ‹ዛሬ እንሄዳለን አይደል?› አለችኝ። አፌ ተሳሰረ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እናገር ነበር፣ በመስቀሉ! ጋሼ፣ እኔ ሰማሁ። ሾፌሩ ያለ ጋቢ አልጭናትም ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። እኛ ቤት ደግሞ ጋቢ የለም።»

«ጋቢና፣ ብርቄ። ሾፌሩ የሚቀመጥበት ክፍል ስም ነው። ፈቃደ ትናንትናውኑ ይዞላታል።»

ብርቄ ዓይኗ ፈጠጠ። ካሚዮኑን አየች፣ አስረስን አየች። «ስሙ ነው?» አለች።

ጋቢው የዓለምዘውድ ስንቅ ከታሰረበት ቋጠሮ ሥር ወጣ። ሥርዓት ያለው እጅ አጥፎ ያስቀመጠው ነው፤ እድፍ እንዳይነካው ኮባ ተነጥፎለታል። አስረስ ሊናገርላት አፉን ከፈተ። ብርቄ ግን አልጠበቀችም። አንድ ድንጋይ አንስታ ማጅራቷ ላይ ጫነች፣ ጋቢውን ታቅፋ ሄዳ አዛለች እግር ሥር ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ከማሉ አይደለም። ለእማማ ብዬ ነው» አለች፤ የሰማችውንና ያልሰማችውን አንድ በአንድ ተናገረች።

አዛለች ጋቢውን ተቀበለች፣ ፊቷን ቀብራ አሸተተችው።

«ተካዬ ሲሄድ» አለች ከጋቢው ቀና ብላ፣ «ብርድ ነው፣ ጋቢህን ያዝ አልኩት። ‹ይከብደኛል እማ፣ ስመለስ እለብሰዋለሁ› አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። የሚሞቅበት ሰው ግን የለም።»

ድንጋዩን ከብርቄ ማጅራት በራሷ እጅ አወረደች።

ኃይሌ ገፍቶ መጣ። «ታዲያ ሌባዋ ይቺ ናት? ተነሽ፣ ወደ ጦር ሰፈር!»

«የምን ሌባ?» አለች አዛለች። «እኔው አውሼ ረስቼ ነው። እርጅና ነው፣ ኃይሌ።»

«አሁን ያገር ያለህ ብለሽ ስትጮኺ የነበረውስ?»

«ድምፄ አለ ወይ ብዬ ስሞክር ነዋ!»

ሰው በሳቅ ወደቀ። አስረስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሳሽ ከሌለ ክስ የለም፣ አቶ ኃይሌ። በጣሊያንኛ እንዴት እንደሚባል አንተ ታውቃለህ።» ኃይሌ ከማሉን ለቀቀው፤ ኮቱን አራግፎ ሄደ።

አዛለች መንገዱን ተሻገረች። ጋቢውን ዘርግታ እማማ ዓለምዘውድን ከራስ እስከ እግሯ ጠቀለለቻት።

«ለጋቢው ጊቤን አሳዪልኝ» አለቻት። «ልጄ እዚያ ደርሶ አያውቅም።»

አሮጊቷ ጋቢውን በእጇ ዳበሰች፣ ዳበሰችና፣ «በሉ አሁን ላይ አውጡኝ!» አለች።

«ጋቢናው ተይዞልሻል እኮ እማዬ!» አለ ፈቃደ።

«መስታወቱ ያብረቀርቅብኛል። የቀረችኝን ዓይን መስታወት ሳይ ልጨርሳት? ላይ ብርድ ነው ብለህ ነበር፤ ይኸው ጋቢ ለበስኩ።»

ሰይዶ ከት ብሎ ሳቀ። «እንግዲህ ብርቄ ነች ልክ፤ ያለ ጋቢ አልጭንም!»

ከማሉ ወገቡን ሰጥቶ አዝሎ አወጣት። ከጨው ጆንያው መካከል ጎጆ ሠራላት፤ በአንድ ጎኗ ልጇ፣ በሌላው እሱ ራሱ ተቀመጠ። ያ ጠዋት ሊገረፍ የነበረው ሰው እስከ ጊቤ ድረስ ደግፎ ይዟት ሄደ። ባዶ የቀረው ጋቢናስ? ብርቄን አስገቧት፤ ስሙን እንድትማረው ተብሎ። አስረስ ከዝግባው ሥር ሆኖ ሲያያቸው፣ ብርቄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ከመስታወቱ ጀርባ ትስቅ ነበር። ታለቅስም ይሆናል።

ማታ ጋቢው ተመለሰ። ቀይ አቧራ ለብሷል። አዛለች አጥሩ ላይ ሰቀለችው እንጂ አላራገፈችውም።

እማማ ዓለምዘውድ ከዓመት በኋላ ሁለተኛውም ዓይኗ ጠፋ። አስረስ አንድ ቀን፣ «ጊቤ እንዴት ነበር?» ቢላት፣ «አሁንም እያየሁት ነው፤ አንተ ጨለማ መሰለህ?» አለችው።

ልጆቼ፣ ዛሬ መኪናው በዝቷል። «ጋቢና ግቢ፣ ጋቢና ግባ» ሲባል በየመንገዱ ትሰማላችሁ። አደራችሁን፣ ያን ቃል በሰማችሁ ቁጥር፣ በአጥር ሥር ጅባዋን የተወችውን ብርቄን አንድ ጊዜ አስታውሱልኝ።